«ይታይ»

በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርሜ የተረከብኩት፣
ከቀዳሚዬ ስም ሥር ስሜን ጽፌ የወሰድኩት፣
አንድ ጠረጴዛ ነው፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ወንበር፣
አንድ የአዳራሽ ቁልፍ፣ ዝገት የበላው፣ በክር
ካርቶን ታስሮለት «ለስብሰባ ብቻ» የተባለ።
ወንበሩ አራት እግር አለው፤ አንዱ ግን የጎደለ፤
ጎደለ እንኳ አይባልም፣ በጥፍር ልክ ያጠረ፣
ለዚያም ከሥሩ ወረቀት ታጥፎ የተቀረቀረ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በእሷ ላይ ተደላድዬ
ደብዳቤ ቁጥር ሰጠሁ፣ ባነር አሠራሁ፣ «ቆዩ» ብዬ
ገጣሚውን መለስኩ፣ ሠዓሊውን መለስኩ፣
ለእንግዳ አቀባበል ጨፋሪ በአይሱዙ ላኩ።

ሰኔ ሃያ ስምንት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል።
ፋይናንስ ደወለ፦ «ያልተሠራበት ይመለሳል።»
የቀረን ብር ለአንድ ቀን የድንኳን ኪራይ አይሞላ።
ጣሪያው ሲያፈስብኝ ወንበሬን ብጎትት ወደ ኋላ
ወረቀቷ ወጣች።

ስዘረጋት በእጥፋቷ መስመር ተሰነጠቀች፦

«ለጅማ ከተማ ባህል ጽሕፈት ቤት።
ጉዳዩ፦ አዳራሽ ስለመጠየቅ።
እኛ በመንደራ የምንገኝ አሥራ አንድ ወጣቶች
ቴአትር አዘጋጅተናል።
ገንዘብ አንጠይቅም።
አዳራሹ ማታ ማታ ባዶውን ነው የሚያድረው።
መብራት ባይኖር ፋኖስ እናመጣለን።
ስንወጣ እንጠርጋለን።
ተማም አባዋጂ፣ ጥቅምት 2001 ዓ.ም.»

በቀይ እስክሪብቶ ከላይ፦ «ይቅረብልኝ።»
በሰማያዊ ከሥር፦ «ይታይ።»
ከዚያ ወዲያ የወንበር እግር።

ተማምን ሄርማታ፣ ከባጃጅ ሰልፍ መሃል አገኘሁት፤
ጢሙን ሽበት ጣል ጣል አድርጎታል። ወረቀቷን ሰጠሁት።
አነበበ። የገዛ ፊርማውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።
«ጽሕፈቱ የጀሚላ ነው» አለ፤ ሳቁ መጥቶ ተመለሰ።
«ሚዛን ናት አሁን፣ ፋርማሲ አላት። ጋሌቦ ታርጫ ያስተምራል።
ሁለቱ ዓረብ አገር። አንዱ . . . ተዪው፣ እሱ አርፏል።»

በመሥሪያ ቤቴ ስም ይቅርታ ልል ነበር፤
እንዲህ ላለው ደብዳቤ ግን ናሙና የለንም።
ቁልፉን አወጣሁ።
«ዛሬ ማታ» አልኩት።
«ያለ ደብዳቤ?»
«ደብዳቤው ደርሶኛል።»

አሥራ አንዱ አራት ሆነው መጡ፣ ፋኖስ ይዘው፣ እንደ ቃላቸው።
ታሪኩ የአንድ በርጩማ ጠራቢ ነው፤ ግን ግማሹ ጠፍቷቸው
ኦሮምኛው ሲያልቅባቸው በአማርኛ ይቀጥላሉ፣
አማርኛውም ሲከዳቸው ተያይተው ይስቃሉ።
ከዚያ ስልክ መቱ፤ ስልኩን ከፋኖሱ ጥግ አቆሙት፤
ከሚዛን፣ ከመድኃኒት መደርደሪያ መሃል፣
የጠራቢው ሚስት ድምፅ መጣ፣
አንዲት ቃል ሳትስት፣ ያን ሁሉ ዓመት ይዛው የኖረች፣
«ቆዩኝ፣ ሰው መጣብኝ» እስክትል ድረስ።
ጠበቅናት።
የሳል ሽሮፕ ዋጋ ስትናገር ሰማን፣
ተመልሳ ካቆመችበት ስታለቅስ አለቀስን።

አሥራ ሰባት ነበርን፤ ዘበኛው አባገሮ ሲጨመር አሥራ ስምንት።
ሲወጡ ጠረጉ።

በዓመቱ ሪፖርት ቅጽ ላይ «ድጋፍ ያገኙ ባለሙያዎች» ይላል፤
አራት ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ አምስት አልኩ። «ከከተማው ክልል
ውጪ» የሚል ዓምድ የለውም።
«ወጪ»፦ ዜሮ።
«የተገኘ ውጤት» የሚለው ሣጥን የክብሪት ቀፎ ያህላል፤
ባዶውን ተውኩት።

ኃላፊው ጠራኝ፦ «ማን ፈቀደልሽ?»
ወረቀቷን አሳየሁት፣ ሰማያዊውን መስመር።
«ይታይ ይላል» አልኩት።
«ታየ።»

ወንበሬ እስካሁን ይነቃነቃል፤
ሌላ ወረቀት አላጠፍኩለትም።
ለአዳራሽ ብላችሁ፣ ለማኅተም ብላችሁ መጥታችሁ
ፊርማዬ ቢንጋደድባችሁ፣
እሱ ነው።